ዕጢ የሌለበት አይጥ ምን ይመሰክራል?

ሰሞኑን አንድ ተመራማሪ በሬዲዮ ቀርበው ነበር። ዶክሶሩቢሲን በተባለው የካንሰር መድኃኒት መካን የተደረጉ ወንድ አይጦች ኢንዛይም ተወግተው የስፐርም ቁጥራቸው ማንሰራራቱን ነገሩን። እሰየው። ቀጥለው ግን ኢንዛይሙ ተፈጥሯዊ ስለሆነ የሚያሰጋ ነገር እንደሌለው፣ ከእንግዲህ በእንስሳት ላይ ጊዜ ማባከን እንደማያስፈልግ አፋቸውን ሞልተው ተናገሩ። ደሜ የፈላው እዚህ ላይ ነው።

ዶክሶሩቢሲን ራሱ ከአፈር ባክቴሪያ የተገኘ ነው። ከዚህ በላይ ተፈጥሯዊ ከየት ይመጣል? የዘር ፍሬውን ከመጉዳት ግን አልተመለሰም።

ዋናው ጉዳይ ሌላ ነው። እነዚያ አይጦች ካንሰር የለባቸውም። መድኃኒቱ የተሰጣቸው መካን እንዲሆኑ ብቻ ነው። ታካሚው ግን የካንሰር ዕጢውን ይዞ ነው የሚመጣው። እንደ ካታሌዝ ያሉ ኢንዛይሞች የሚሠሩት መድኃኒቱ የሚቀሰቅሳቸውን ጎጂ የኦክስጅን ውህዶች በማክሸፍ ነው። ዶክሶሩቢሲን የካንሰር ሕዋስን ከሚገድልባቸው መንገዶች አንዱ ደግሞ እነዚሁ ውህዶች ናቸው! ታዲያ ኢንዛይሙ የዘር ፍሬውን ሲታደግ ዕጢውንም እንደማይታደግ በምን አወቅን? ደም ውስጥ የገባ ኢንዛይም ወዳጅና ጠላት አይለይም። እንዲያውም የዘር ፍሬ ውስጥ፣ እያደገ ያለውን ስፐርም ከደም የሚከልል አጥር አለ፤ እንደ ኢንዛይም ያለ ትልቅ ፕሮቲን እንደ ልቡ አያልፈውም። የብዙ ዕጢዎች ደም ሥር በአንጻሩ የሚያፈስ ነው። ቀድሞ የሚጠቀመው ማን ይመስላችኋል? ይህን ዕጢ ባለበት አይጥ ላይ ሳያዩ ወደ ሰው መሮጥ በታካሚ ነፍስ መቆመር ነው።

ቁጥሩም ቢሆን ብዙ አያኩራራም። የአይጥ ስፐርም እስከ 90 በመቶ ቢቀንስ እንኳ ማስረገዙን ላያቆም ይችላል፤ ስለዚህ ቁጥር ሌላ፣ መውለድ ሌላ። ከሴት ጋር ተጣምረው አስረገዙ? የተወለዱትስ ጤነኛ ናቸው? ኢንዛይም ያልተሰጣቸው አይጦች ያን ያህል ጊዜ ቢጠበቁ በራሳቸው አያገግሙም ነበር? አይጥ አዲስ ስፐርም ሠርቶ ለመጨረስ 50 ቀን ገደማ ይፈጅበታል፤ ቆጠራው በስንተኛው ቀን እንደተካሄደ ግን ጠያቂውም አልጠየቀ፣ እሳቸውም አልተናገሩ።

ታካሚዎች ቸኩለዋል ይባላል። ስፐርምን ከሕክምናው በፊት አቀዝቅዞ ማስቀመጥ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ ልጅ ያስገኘ ዘዴ ነው፤ በቃለ ምልልሱ ስሙ እንኳ አልተነሳም። ለአቅመ አዳም ያልደረሱ ልጆች ይህ አይሆንላቸውም፣ እውነት ነው። ለእነሱ ከታሰበ ግን ሙከራው ገና ባልጎረመሰ አይጥ፣ ያውም ዕጢ ባለበት፣ እንደገና ሀ ተብሎ ይጀመር።