ነጥባችን ሞልቷል፣ ታካሚዋ ግን አልሰማችም

ያኔ የምሠራው ተመላላሽ ክፍል ነበር። ጠዋት ጠዋት ካርድ ታቅፌ በር ላይ እቆምና ስም እጠራለሁ። አንድ ቀን አንዷን ሦስት ጊዜ ጠራኋት፤ ዝም። ካርዷ ላይ «አልተገኘችም» ብዬ ጻፍኩና ከሥር አደረግኩት። ከሰዓት በኋላ አግዳሚው ባዶ ሲሆን አንዲት ሴት ብቻዋን ቀረች። ጠዋት ከተቀመጠችበት አልተነሳችም። መስማት የተሳናት ናት። ሙሉ ቀን ዓይኗን አፌ ላይ ተክላ ነበር። እኔ ደግሞ ካርዱ ላይ አቀርቅሬ ነው የምጠራው።

የሚያስቀው፣ በዚያ ዓመት የሥልጠና ነጥቤ ሞልቶ ነበር።

ለማያውቅ ልንገር። የጤና ባለሙያ የሥራ ፈቃዱን ለማሳደስ ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና መውሰድ አለበት። እኛ በአጭሩ ሲፒዲ እንለዋለን፤ በየጊዜው የተወሰነ ነጥብ ይጠበቅብናል። አሁን ደግሞ ብዝኃነት፣ ፍትሐዊነትና አካታችነት በዚህ ሥልጠና ውስጥ ይግባ የሚል ሐሳብ ከየአቅጣጫው ይሰማል። ይግባ። እኔን የሚያሰጋኝ አገባቡ ነው።

እንዴት እንደሚገባ ከወዲሁ ይታየኛል። ጣና ሐይቅ ዳር ካሉት ሆቴሎች ባንዱ አዳራሽ ይያዛል። ቅድመ ፈተና፣ ስላይድ፣ ሻይ ቡና፣ ስላይድ፣ ድህረ ፈተና፣ የጋራ ፎቶ፣ ሰርተፍኬት። በማግስቱ ወደ ክፍላችን እንመለሳለን፤ ስም አጠራራችንም ያው ነው። ይህን መንገድ ሄደንበታል። «ሩህሩህ፣ አክባሪና ተንከባካቢ» የጤና ባለሙያ ማፍራት ከ2008 ዓ.ም. በጀመረው የጤናው ዘርፍ ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ውስጥ ትልቅ አጀንዳ ነበር። ሐሳቡ ግሩም ነው፣ እኔም ሠልጥኛለሁ። ፖስተሩ ዛሬም አንዳንድ ግድግዳ ላይ አለ። ከፖስተሩ ሥር አስታማሚ ላይ የሚጮኸውም ሰው አለ።

ስለዚህ ራሱን የቻለ የግማሽ ቀን ኮርስ አልፈልግም። አሁን ባሉት ኮርሶች ውስጥ ያለው ታካሚ ይቀየርልኝ። በምንማርባቸው ምሳሌዎች ታካሚው ሁልጊዜ አማርኛ ይናገራል፣ ማንበብ ይችላል፣ ለባጃጅ የሚከፍለው አያጣም። እንዲህ ያለ ታካሚ ለማከም ሥልጠናም አያስፈልግም ነበር።

ቢልሃርዚያን እንውሰድ። ለጣና ዳር ሰው የቤት በሽታ ነው። ጥገኛው ተውሳክ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ፣ ውሃ ውስጥ በቆመ ሰው ቆዳ በኩል ይገባል። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ትሉን ይገድላል፤ ሰውየው ነገ ተመልሶ ውሃው ውስጥ ከቆመ ግን እንደገና ይያዛል። እኛ ታዲያ ምን ብለን እንመክራለን? «ውሃው ውስጥ አይግቡ።» ይህን የምንለው ደንገል አጭዶ ታንኳ ለሚሠራ፣ ዓሣ አስግሮ ለሚያድር የነገደ ወይጦ ሰው ጭምር ነው። ውሃው እንጀራው ነው። አብሮት ማዕድ መቅረብ ነውር ሲባል የኖረ ማኅበረሰብ ልጅ፣ ክፍላችን ገብቶ እንዲህ ያለ ምክር ሲሰማ ምን ይላል? «እሺ» ይላል። ይወጣል። አይመለስም። እኛም «ምክር አይቀበሉም» ብለን እናማዋለን። ሥልጠናው ሊያስተምረኝ የሚገባው ቀጥሎ የሚመጣውን ነው፤ በቀን ስንት ሰዓት ውሃ ውስጥ እንደሚቆም እንዴት ልጠይቀው? ለድጋሚ ሕክምና መቼ ልቅጠረው? በዓሣ ገበያ ቀን ከቀጠርኩት እኮ ቀጠሮ አልሰጠሁትም።

ወይም ከአዊ የሚመጡትን እናት አስቡ። አገውኛ እንጂ አማርኛ አይሆንላቸውም። አስተርጓሚያቸው አብሯቸው የመጣው የልጅ ልጃቸው ነው፤ ቢበዛ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። ሐኪሙ ስለ ማህፀን ፈሳሽ ይጠይቃል። ልጁ ወለል ወለሉን ያያል። አያትየው ከልጁ ፊት አንብበው «ሆዴን ነው የሚያመኝ» ይላሉ፣ በዚያው ይጻፋል። ከእኛው መሐል አገውኛ የሚችል ነርስ ወይም የላብራቶሪ ሰው አይጠፋም። ማን እንደሆነ የሚገልጽ አንድ ወረቀት ካርድ ክፍል መለጠፍ ምን ይከብዳል?

ሥልጠናው ራሱስ ፍትሐዊ ነው? ከተማ ያለነው አዳራሹ በእግር ይደርሰናል። ደቅ ደሴት ላይ የሚሠራው የሙያ ጓደኛችን ጀልባ መጠበቅ አለበት። በኦንላይን ይውሰድ እንዳይባል፣ ኔትወርኩን ሁላችንም እናውቀዋለን። ፈቃድ ማሳደሻው ላይ ግን የሚጠየቀው ያው ነጥብ ነው። አበል ያለበት ሥልጠና ሲመጣ ማን እንደሚመረጥም አታናግሩኝ።

«ጓንት በሌለበት ስለ አካታችነት ታወሪያለሽ?» የሚለኝ ጓደኛ አለኝ። እውነቱን ነው፣ ጓንቱም ይምጣ። «የፈረንጅ አጀንዳ ነው» የሚሉም አሉ። እነሱን ደስ የሚላቸው ከሆነ፣ አሜሪካ ውስጥ ፕሬዝዳንት ዶናልድ ትራምፕ ጥር 2017 ዓ.ም. ሥልጣን በያዙበት ዕለት በፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ያሉት የብዝኃነትና የአካታችነት ፕሮግራሞች እንዲዘጉ አዘዋል። የእኛ ጉዳይ ግን የእነሱን ፊርማ አይጠብቅም። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብት ኮንቬንሽንን ያጸደቀችው በ2002 ዓ.ም. ነው። የሕንፃ አዋጁ ቁጥር 624/2001ም የሕዝብ አገልግሎት የሚሰጥ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ ምቹ እንዲሆን አዟል። ራምፑን መሐንዲሱ ይሥራ፤ አግዳሚው ላይ ያለውን ነገር የምናስተካክለው ግን እኛ ነን።

አንድ ነገር ልጨምር። ስለ ምልክት ቋንቋ የሚያስተምረን መስማት የተሳነው ሰው ራሱ ይሁን። «የት ያምሻል?»፣ «ስንት ቀን ሆነሽ?»፣ «እርጉዝ ነሽ?» የሚሉትን በምልክት ያሳየን። ለሐኪሙ የሚከፈለው የአሠልጣኝ አበልም ሳይሸራረፍ ይከፈለው። የሥልጠናው አዘጋጆች፣ ነጥቡን ደግሞ በድህረ ፈተናው ቀን አትጨርሱት። ግማሹን ከሦስት ወር በኋላ መጥታችሁ፣ በር ላይ እንዴት እንደምንጠራ አይታችሁ ስጡን።

ከዚያች ሴት በኋላ እኔ ከጓንት ካርቶን ቁጥር እየቆረጥኩ ተራ ለሚጠብቁት ታካሚዎች ማደል ጀመርኩ። ተራው ሲደርስ ቁጥሩን ከፍ አድርጌ አሳያለሁ፣ ስሙንም እጠራለሁ። ነጥብ አላስገኘልኝም። የበሩ ጥበቃ ግን ባየኝ ቁጥር፣ «ሲስተር፣ ዛሬም ሎተሪ አለ?» ይለኛል።