እርማት፦ ዩ0100 (የመኪና መመርመሪያ መሣሪያ የሚያሳየው የብልሽት ኮድ) «ኮምፒውተሩ ተቃጥሏል» ማለት አይደለም
አብሽር ወንድሜ! «ዩ0100 ካወጣ የሞተሩ ኮምፒውተር ተቃጥሏል፣ ቀይረው» ያልከው ደሴም ኮምቦልቻም ጋራዥ ውስጥ የሚባል ስህተት ነው። ኮዱ የሚለው ሌሎቹ ሞጁሎች (የመኪናው ሌሎች ትንንሽ ኮምፒውተሮች) ከሞተሩ ኮምፒውተር ጋር መነጋገር አልቻሉም ነው፤ ምክንያቱን አይናገርም። የተቃጠለ ፊውዝ፣ የላላ ሶኬት፣ የዛገ ግራውንድ (ከመኪናው አካል ጋር የሚያገናኘው የነጌቲቭ ሽቦ) ወይም አይጥ የበላው ሽቦ ሊሆን ይችላል። ስልኩን ስላላነሳ ሰውየው ሞተ ይባላል እንዴ?

ባትሪውን ፍታና ጥቂት ደቂቃ ቆይተህ በዲያግኖስቲክ ሶኬቱ 6ኛና 14ኛ ፒን መካከል ኦም ለካ። ሞጁሎቹ በሚነጋገሩበት ባለ ሁለት ሽቦ የካን መስመር በእያንዳንዱ ጫፍ አንድ ባለ 120 ኦም ሬዚስተር ስላለ 60 አካባቢ ማሳየት አለበት። 120 ካሳየ መስመሩ የሆነ ቦታ ተቆርጧል ወይም አንዱ ሬዚስተር አልተገናኘም፤ ወደ ዜሮ ከወረደ ሁለቱ ሽቦዎች ተነካክተዋል። (ጌትዌይ፣ ማለትም በሶኬቱና በካን መስመሩ መካከል የሚገባ ሞጁል፣ ባላቸው አዳዲስ መኪኖች ልኬቱ ሊለይ ይችላል።) 60 ቢያሳይም ለኮምፒውተሩ የሚደርሰውን ቮልቴጅና ግራውንድ ሳትለካ ሌላ አትግዛ።