እንቅልፍ ያጣ ሰው ሰነፍ አይደለም

ባለፈው ሐሙስ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስመጣ፣ የሀረጎን ዳገት እየወጣን፣ ሹፌሩ ሬዲዮ ከፍቶ ነበር። የጤና ፕሮግራም ነው፣ ወሬው ስለ እንቅልፍ። አንዲት እናት ደወሉ። ድምፃቸው የደከመ ነው፣ «ሦስት ወሬ ነው ልጄ፣ ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ አድሬ ዓይኔ የሚከደነው ዶሮ ሲጮህ ነው» አሉ። እንግዳው መጀመሪያ ሳቀ። ከዛ «እናቴ፣ ቀን ሲሠራ የዋለ ሰው እንቅልፍ አያጣም እኮ፣ ሥራ ይያዙ» አላቸው። «ቡና ይሆን እንዴ?» ብለው ሲጠይቁት ደግሞ «የወሎ ሰው ቡና ለምዶታል፣ እኛን ቡና እንቅልፍ አይነሳንም» አለና መጨረሻ ላይ «ከባሰብዎት ከፋርማሲ ቀለል ያለች የእንቅልፍ ኪኒን ይግዙ» ብሎ ሸኛቸው። አዘጋጁም አመስግኖ ዘፈን ለቀቀ።

ደሜ ፈላ። ያ ሁሉ ሰው እየሰማ አንዲት እናት ሰነፍ ተባሉ፣ በዛ ላይ ከተሰጣቸው ሦስት መልስ አንዱም ልክ አይደለም።

ከቡናው ልጀምር፣ ምክንያቱም ከሁሉ የባሰው እሱ ነው። ሰውነት ቡና ውስጥ ያለውን አነቃቂ ነገር፣ ካፌይንን፣ ይለምዳል ወይ? በከፊል አዎ፣ የልብ ምቱና መንቀጥቀጡ ይቀንሳል። ግን ነገሩ የሚሠራው እንዲህ ነው። ቀኑን ሙሉ ነቅተን ስንውል አንጎላችን ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ነገር ይጠራቀማል፣ ማታ ዓይናችንን የሚያከብደው እሱ ነው። ካፌይን ሲመጣ የአዴኖሲንን ወንበር ቀድሞ ይይዝበታል። ድካሙ አለ፣ ግን አይሰማንም። ካፌይን ከደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ ደግሞ በአማካይ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። አሁን ሒሳቡን በኛ ሰዓት እንሥራው። ማታ 12 ሰዓት ላይ ጀበናው ቀረበ፣ አቦል ጠጣን፣ ቶናውም ተደገመ፣ ጨዋታው ደርቶ በረካውም አልቀረ። ሌሊት 5 ሰዓት ላይ ግማሹ እዛው ደማችን ውስጥ ነው። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ሩቡ አለ። 10 ሰዓት ማለት እንግዲህ ዶሮ ሲጮህ ማለት ነው! እኚያ እናት የተናገሩት ሰዓት ራሱ ነው፣ እሳቸው ጠርጥረዋል፣ ባለሙያ ተብሎ የመጣው ሰውዬ ነው ያልጠረጠረው።

«እኔ ጠጥቼም እተኛለሁ» የሚል ሰው አይጠፋም፣ እሺ ትተኛለህ፣ ግን ጥልቁ እንቅልፍ ይሳሳል፣ ጠዋት ስትነሳ እንዳልተኛ ሰው ትሆናለህ፣ ያን ለማባረር ደግሞ ሌላ ቡና። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ ጥናት ከመኝታ 6 ሰዓት ቀደም ብሎ የተወሰደ 400 ሚሊግራም ካፌይን እንቅልፍን ከ1 ሰዓት በላይ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ለነፍሰጡር ሴት ደግሞ ሌላ ነገር ነው፣ እርግዝናው ሲገፋ ካፌይኑ ከሰውነት ለመውጣት በጣም ይዘገያል፣ የጠዋቱ ቡና ማታ ድረስ ሊቆይ ይችላል። ካፌይንን የሚያስወግደው ጉበት ነው፣ ወሎዬነት ደግሞ ጉበት አይቀይርም።

ቡና ተዉ ማለቴ አይደለም፣ ከወሎ ሰው ቡናና ዱዓ ቀምቶ የሚኖር የለም፣ እኔም አልኖርም። ሰዓቱን ወደ ቀን አምጡት ነው የምለው። ጠዋትና እኩለ ቀን ላይ ይፈላ፣ ከ8 ሰዓት በኋላ ጀበናው ይረፍ። ማታ ሰው ከመጣ ሻይ ቅጠል የሌለበት የቀረፋና የቅርንፉድ ውሃ ይቅረብ፣ ጨዋታው እንደሆነ የሚደራው በሰዉ ነው። ስለ ጫትም አለማውራት ውሸት ይሆንብኛል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አምፌታሚን ለሚባለው አነቃቂ መድኃኒት የቅርብ ዘመድ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ተቅሞ ማታ እንቅልፍ ይምጣ ማለት እሳት አንድዶ ቤቱ ይቀዝቅዝ እንደማለት ነው። ከዛ ምርቃናውን ለመስበር አረቄ ይጠጣል፣ አረቄው ቶሎ ይጥልሃል፣ እኩለ ሌሊት ላይ ደግሞ ላብ በላብ አድርጎ ይቀሰቅስሃል።

ወደ «ቀን የሠራ ይተኛል» ልመለስ። ይሄ አባባል ድካምና እንቅልፍን አንድ ያደርጋቸዋል፣ አንድ አይደሉም። ሰኞ ባቲ ገበያ ጆንያ ተሸክማ ውላ ማታ ጣራ ስትቆጥር የምታድር ሴት አለች። ክረምቱን ሙሉ ሲያርስ ኖሮ ሌሊት ስለ ማዳበሪያ ዕዳ የሚያስብ ገበሬ አለ። እንቅልፍ ማጣት በሴቶች ላይ ከወንዶች ይበልጥ ይበዛል፣ ሴቶቻችን ከወንዶቻችን ያነሰ ነው የሚሠሩት የሚል ሰው ካለ ይምጣና ፊት ለፊት ይንገረኝ።

በዛ ላይ እዚህ አገር ምን እንዳለፈ ረስተነው ነው? በ2014 ጥቅምትና ኅዳር ደሴም ኮምቦልቻም የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ያኔ ነው እንቅልፌ የሄደው። በር በተንኳኳ ቁጥር ብድግ፣ ውሻ በጮኸ ቁጥር ብድግ። ጦርነቱ አለፈ፣ እንቅልፌ ግን አልተመለሰም፣ ለምን እንደሆነም ለረጅም ጊዜ አልገባኝም ነበር። አርተር ስፒልማን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1987 ነገሩን በሦስት ከፍሎ አስረድቶታል። ሲጀመር ተጋላጭ የሚያደርግህ ተፈጥሮ አለ፣ ቀጥሎ እንቅልፉን የሚያባርር ድንገተኛ ነገር ይመጣል፣ ከዛ ደግሞ ችግሩን የሚያቆየው እንቅልፍ ለመመለስ ብለህ የያዝከው አዲስ ልማድ ነው። ሦስተኛው ነው የኔ በሽታ የነበረው።

ምን አደርግ ነበር? ትናንት ስላልተኛሁ ዛሬ ምሽት 2 ሰዓት ላይ አልጋ ውስጥ እገባለሁ። አይመጣም። ስልክ አያለሁ፣ ሰዓት አያለሁ፣ «አሁን ብተኛ እንኳ አራት ሰዓት ነው የማገኘው» እያልኩ አሰላለሁ፣ ልቤ ይመታል። ጠዋት እስከ 3 ሰዓት እጋደማለሁ፣ ከምሳ በኋላ ትንሽ አሸልባለሁ። በአጠቃላይ 13 ሰዓት አልጋ ላይ ሆኜ የምተኛው 5 ሰዓት አይሞላም። አልጋው ራሱ የጭንቀት ቦታ ሆነብኝ፣ ሶፋ ላይ ዓይኔ ሲከደን ቆይቶ አልጋ ላይ ስወጣ ቁልጭ! እንቅልፍ ያጣ ሰው ይቺን ያውቃታል።

የሚያድነውም ከዚሁ ነው የሚነሳው። መነሻ ሰዓትህን ቁረጥ፣ ብትተኛም ባትተኛም፣ እሑድም ቢሆን። እንቅልፍ በደንብ ሳይመጣህ አልጋ አትውጣ። 20 ደቂቃ ያህል ካለፈና ካልመጣ ተነሳ፣ ሰዓት ሳታይ፣ በደብዛዛ መብራት ቀላል ነገር ሥራ፣ ሲያንጎላጅህ ተመለስ። አልጋ ላይ ወሬ የለም፣ ስልክ የለም፣ ቀን ማሸለብ የለም። 5 ሰዓት የምትተኛ ከሆነ አልጋ ላይ 9 ሰዓት አትቆይ፣ ወደ 6 አውርደውና እንቅልፉ ሲሞላ ቀስ እያልክ ጨምር (የሚጥል በሽታ ያለበት ወይ ሾፌር የሆነ ሰው ይቺን ሐኪም ሳያማክር አይሞክራት)። ይሄ የኔ ፈጠራ አይደለም፣ የአስተሳሰብና የባህሪ ሕክምና የሚባለው ነው፣ የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2016፣ የአውሮፓ የእንቅልፍ ምርምር ማኅበር በ2017 ለቆየ እንቅልፍ ማጣት ከኪኒን በፊት መጀመሪያ የሚሰጠው እሱ ነው ብለዋል። የቆየ የሚባለው በሳምንት 3 ሌሊትና ከዛ በላይ፣ ለ3 ወር ሲሆን ነው። እናትየዋ «ሦስት ወሬ» ነው ያሉት!

ወሎ ውስጥ ደግሞ ይሄን ለማድረግ ምን ይቸግራል? የሱብሂ አዛን አለ፣ የቤተክርስቲያን ደወል አለ፣ መነሻ ሰዓት በየሰፈሩ በድምፅ ማጉያ እየተነገረ ነው። ተነስቶ ደጅ መውጣት ነው፣ የጠዋት ብርሃን የአንጎልን ሰዓት የሚያስተካክለው እሱ ነውና፣ የጦሳ ተራራ ጉም ቢኖርም ደጅ ያለው ብርሃን ከቤት አምፖል ብዙ እጥፍ ነው። እናቴ ማታ ማታ ለብ ባለ ውሃ እግራችንን በሳፋ ታጥበን ነበር፣ ውሃውን በክርኗ ለክታ፣ ጣት በጣት እያሸች፣ በነጠላዋ ጫፍ አድርቃ። እኔ የንጽሕና ይመስለኝ ነበር። እግር ሲሞቅ የእግር ደም ሥር ይሰፋል፣ የውስጥ ሙቀት በዛ በኩል ይወጣል፣ እንቅልፍ የሚመጣው ደግሞ የውስጥ ሙቀት ሲወርድ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1999 የስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች የሞቀ እግር ቶሎ እንደሚያስተኛ ጽፈዋል። እናቴ ያንን ጽሑፍ አላነበበችም።

እኔ መጀመሪያ የሄድኩት ግን ፋርማሲ ነው። ስሙን አልጠራም። ያለ ማዘዣ ዳያዚፓም የሚባል የሚያረጋጋና የሚያስተኛ ኪኒን አንድ እሽግ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ፣ «ሲያስቸግርህ ዋጥ» አለኝ፣ በቃ። አልነገረኝም እንጂ የዚህ ዓይነት መድኃኒት ከ2 እስከ 4 ሳምንት በላይ መወሰድ የለበትም፣ ሱስ ያስይዛል፣ ለዚህም ነው የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2020 የመድኃኒቱ መግለጫ ላይ ከባድ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ ያዘዘው። ዕድሜያቸው ለገፋ ሰዎች ደግሞ ሌሊት ሽንት ቤት ሲነሱ ወድቆ ዳሌ መሰበር አለ። እና ሰውዬው ለአንዲት እናት «ቀለል ያለች» ብሎ የመከረው ይሄን ነው! ሐኪም አይቶ ለጥቂት ቀን ቢያዝ አልቃወምም። ለወራት ሲውጥ የቆየ ሰው ግን ዛሬ ይሄን አንብቦ በአንዴ እንዳያቆም፣ አደገኛ ነው፣ በሐኪም ክትትል ቀስ እያለ ይቀንስ። ሲተኛ የሚያንኮራፋና ትንፋሹ ቁርጥ የሚልበት፣ ወይ መኖር ያስጠላው ሰውም ሆስፒታል ይሂድ፣ የዛ መፍትሔ እግር መታጠብ አይደለም።

ለፕሮግራሙ አዘጋጆች አንድ ነገር ነው የምለው፣ እናትየዋ የደወሉበት ስልክ እናንተ ጋ አለ። መልሳችሁ ደውሉላቸው፣ በዚያው ሰዓት፣ በአየር ላይ። መጀመሪያ ይቅርታ ጠይቋቸው። ከዛ ያ እንግዳ ያልጠየቃቸውን ጠይቋቸው፦ እናቴ፣ የማታውን ቡና ስንት ሰዓት ይጠጣሉ? አልጋ የሚገቡትስ? ሌሊት ሲነቁ የሚያስቡት ምንድነው?