ጥያቄያቸው ስለ አምስት ዶላር አልነበረም

ወገኖቼ፣ የምጽፈው በዋሽንግተንና በዙሪያዋ ለምትኖሩ፣ ቀኝ እጃችሁን አንሥታችሁ ምላችሁ የዚህ አገር ዜጋ ለሆናችሁ ኢትዮጵያውያን ነው። ቃሌ ከከበዳችሁ ተቆጡኝ፤ ብቻ እስከ መጨረሻው አንብቡኝ። ባለፈው የእድራችን ስብሰባ የሆነውን ይቅር ልል ሞክሬአለሁ። አልሆነልኝም።

ለነበራችሁት ላስታውሳችሁ፣ ላልነበራችሁት ልንገራችሁ። ኮሚቴው ወርሃዊ መዋጮውን በአምስት ዶላር አሳድጎ ነበር። ማሳደጉን ያወቅነው ነገሩ ካለቀ በኋላ፣ በስልክ በተላከልን አጭር መልእክት ነው። በስብሰባው ዕለት ሊቀ መንበሩ ሪፖርቱን አነበበ። «ጥያቄ ያለው አለ?» ሲል ወረቀቱን እያጠፈ ነበር፤ የእራቱ ሽታ ከወዲያ መጥቶ ሰው ሁሉ ወንበሩን መግፋት ጀምሯል። በዚህ መካከል አንዲት እናት ጉልበታቸውን ደግፈው ተነሡ። ዕድሜያቸውን የሆቴል ክፍል ሲያጸዱ የኖሩ፣ ለቅሶ ቤት ቀድመው ደርሰው ዘግይተው የሚወጡ፣ መዋጮ አሳልፈው የማያውቁ ሴት ናቸው።

እንዲህ አሉ፦ «ልጆቼ፣ ገንዘቡን ከፍያለሁ፤ ወደፊትም እከፍላለሁ። ግን ሲጨመር ማን ጠየቀን? ለዜግነት ፈተና ሳጠና ልጄ መልሱን በእኛ ፊደል ጽፋልኝ ነው የሸመደድኩት። ቅኝ ተገዢዎቹ እንግሊዞችን ለምን ወጓቸው ይላል። ሳይወከሉ ግብር ስለተጣለባቸው ብዬ መለስኩ፤ ፈታኙም ልክ ነው አለኝ። እዚያ ልክ የሆነው እዚህ ስሕተት የሚሆነው ለምንድን ነው?»

አዳራሹ ለአፍታ ጸጥ አለ። በዚያች አፍታ አንድ ሰው ተነሥቶ «እናታችን የጠየቁት ይመለስ» ቢል ኖሮ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር። ማንም አልተነሣም። ሊቀ መንበሩ ፈገግ ብሎ «እናቴ፣ ይህ እድር ነው፤ አሜሪካ አይደለም» አለ። ተሳቀ። ከኋላ አንዱ «እነዚያ የተዋጉት ሻይ ተወዶባቸው ነው!» ብሎ ጮኸ። ይበልጥ ተሳቀ። ከዚያ አንድ በዕድሜ ልጃቸው የሚሆን ሰው ከመቀመጫው ወጥቶ ሄደና አምስት ዶላር ከኪሱ አውጥቶ ፊታቸው ባለው ጠረጴዛ ላይ አኖረ። «እንቺ፣ የዚህን ወር እኔ ከፍዬልሻለሁ። አሁን እራታችንን እንብላ» አለ።

አጨበጨባችሁለት! እናንተ፣ የሰው እናት ሲዋረድ እንዴት ይጨበጨባል? እሳቸው ገንዘቡን አልነኩትም። ነጠላቸውን አጣፍተው ቀስ ብለው ወጡ። አውቶቡስ ጠብቀው ነው ወደ ቤታቸው የሄዱት፤ መኪና ሞልቶን አንዳችንም አላደረስናቸውም። እኔም ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበርኩ። አላጨበጨብኩም፤ ግን ከወንበሬም አልተነሣሁም።

ከእነዚያ ካጨበጨቡት እጆች ስንቱ ነው በዳኛ ፊት ለመሐላ የተነሣው? ያንን ጥያቄ ያልሸመደደ ማን አለ? መቶ ጥያቄ ታቅፈን፣ በታክሲ ውስጥ ተሳፋሪ ስንጠብቅ፣ በእረፍት ሰዓት ኩሽና ጥግ ቆመን ያጠናነው ነው። መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ትርጉሙ የገባቸው ግን አንዲት እናት ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውን ሳቅንባቸው።

«ሻይ ተወዶባቸው ነው» ላልከው ወንድሜ ልመልስልህ። ሻዩ ረክሶ ነበር። ዓመቶቹን የምጠራው በዚሁ አገር አቆጣጠር ነውና፣ በ1773 የለንደን ፓርላማ ያወጣው ሕግ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ የተባለው የእንግሊዞች የንግድ ድርጅት ሻዩን በቀጥታ ወደ አሜሪካ እንዲልክ ፈቀደለት፤ በእንግሊዝ ይከፍል የነበረውንም ቀረጥ አስመለሰለት። ስለዚህ ሕጋዊው ሻይ ከኮንትሮባንዱ ሻይ ጋር የሚወዳደር ርካሽ ሆነ። የቀረው በአንድ ፓውንድ ክብደት ሦስት ፔንስ የምትሆን ቀረጥ ናት። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሎርድ ኖርዝ ያችን ሦስት ፔንስ እንዲተዋት በፓርላማው ውስጥ ተመክሮ እምቢ አለ፤ የምታስገባው ገንዘብ ብዙ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ፓርላማው የማስከፈል መብት እንዳለው ማሳያ ስለሆነች ነው። ባሕር ማዶ ያሉት ሰዎችም ነገሩ ገባቸው። ርካሹን ሻይ ከጠጡ መብቱን አብረው መዋጣቸው ነው። ዲሴምበር 16 ቀን ማታ በቦስተን ወደብ 342 ሣጥን ሻይ ወደ ባሕር ወረወሩ።

አምስት ዶላሩን ጠረጴዛ ላይ ያኖረው ሰው ያደረገው የሎርድ ኖርዝን ሥራ ነው። ዋጋውን ካቀለልኩላቸው ጥያቄያቸውን ይረሱታል ብሎ አስቧል። ከዚያ በፊትም ይኸው ተሞክሯል። በ1764 የወጣው ሕግ ከሸንኮራ አገዳ በሚወጣው ሞላሰስ ላይ የነበረውን ቀረጥ በጋሎን ከስድስት ፔንስ ወደ ሦስት አወረደው፤ ተቃውሞው ግን በረታ። የድሮው ቀረጥ በወረቀት ላይ ቀርቶ የነበረ ሲሆን አዲሱ በእርግጥ ሊሰበሰብ ነው የመጣው። ደግሞም ዓላማው ንግድን መቆጣጠር ሳይሆን ገንዘብ መሰብሰብ መሆኑን ሕጉ ራሱ በግልጽ ተናገረ። በቀጣዩ ዓመት በጋዜጣው፣ በፍርድ ቤት ወረቀቱ፣ በመጫወቻ ካርታው ሳይቀር የቴምብር ግብር ተጣለ፤ ያኔ ከዘጠኝ ቅኝ ግዛቶች የመጡ መልእክተኞች ኒው ዮርክ ላይ ተሰብስበው ግብር ሊጥሉብን የሚችሉት እኛ የመረጥናቸው ብቻ ናቸው አሉ።

እንግሊዞች ምክንያት አልነበራቸውም አልልም። በ1763 ያበቃው የሰባት ዓመቱ ጦርነት ዕዳቸውን ከ70 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ከነበረበት ወደ 130 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ አድርሶታል። ከጦርነቱ ከፊሉ የተካሄደው በአሜሪካ ምድር ነው፤ ፈረንሳይ ከካናዳ የወጣችው በእንግሊዝ ወታደር ደም ነው። ጥቂት ክፈሉን ማለታቸው ከሰማይ የወረደ ግፍ አይደለም። የእኛም ኮሚቴ ምክንያት ነበረው፤ አስከሬን ወደ አገር ቤት ለመላክ የሚጠየቀውን ገንዘብ ሁላችንም እናውቃለን። እናቲቱም ይህን አልካዱም። ምክንያት ያለው ሰው ግን ምክንያቱን ይዞ ሸንጎ ፊት ይቆማል፤ አስረድቶ ድምፅ ይጠይቃል። ለንደን ይህን ማድረግ እንደ ውርደት ቆጠረችው። መልእክተኛ ባትልኩም በመንፈስ ተወክላችኋል፤ ማንቸስተርና በርሚንግሃምም ተመራጭ የላቸውም፤ ፓርላማው ለሁሉም ያስባል አለቻቸው። «እኛ እናስብላችኋለን» የሚለውን ቃል ከኮሚቴዎቻችን አፍ ስንት ጊዜ ሰምተነዋል?

በ1766 የቴምብሩ ግብር ሲሻር በቦስተን ደወል ተደወለ፤ ሕዝቡ በደስታ ጠጣ። ግብሩ በተሻረበት በዚያው ቀን ግን ፓርላማው በማናቸውም ጉዳይ ቅኝ ግዛቶቹን ሊያዝ እንደሚችል የሚያውጅ ሌላ ሕግ አጽድቆ ነበር። ገንዘቡን መለሱ፤ ሥልጣኑን አስቀሩ። በሚቀጥለው ዓመት ግብሩ በመስታወት፣ በቀለም፣ በወረቀትና በሻይ ላይ ተመልሶ መጣ። ቀጥሎ ወታደር መጣ፤ ማርች 5 ቀን 1770 በቦስተን ጎዳና አምስት ሰዎች በጥይት ሞቱ። ከመጀመሪያዎቹ ሟቾች አንዱ ክሪስፐስ አተክስ የአፍሪካና የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ዘር ያለው መርከበኛ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚያንገበግበኝ የ1774ቱ ነው። ሻዩ ከተደፋ በኋላ ለንደን የቦስተንን ወደብ ዘጋች፤ ይህን ቅጣት ነው ልንል እንችላለን። ግን በዚያ አላበቃችም። ቦስተን የምትገኝበት የማሳቹሴትስ ቅኝ ግዛት የሚተዳደርበትን ቻርተር ለወጠች፤ የገዥው ምክር ቤት አባላት በንጉሡ እንዲሾሙ አደረገች። የከተማና የገጠር ሰዎች ስለ መንገዳቸው፣ ስለ ትምህርት ቤታቸው፣ ስለ ድሆቻቸው የሚመክሩበትንም ስብሰባ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ አደረገችው፤ ከዚያ ሌላ ገዥው ካልፈቀደ አይሰበሰቡም፤ ቢሰበሰቡም እሱ ከፈቀደው ሌላ ነገር አያነሡም። ለመቶ ዓመት ሲመካከሩ የኖሩ ገበሬዎች አሁን ለመናገር ፈቃድ ጠያቂ ሆኑ። ብዙዎቹ ከዚያ ቀን በፊት ስለ ሻይ ግድ ያልነበራቸው ናቸው። መሣሪያቸውን የወለወሉት ያኔ ነው።

ያም ሆኖ ነጻነት ፈላጊ ሆነው አልተነሡም። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም፤ እኔን ግን ያሳዝነኛል። አሥር ዓመት ሙሉ አቤት አሉ። እኛ የእንግሊዝ ዜጎች ነን፣ ሌላው እንግሊዛዊ ያለው መብት ይኑረን ነው ያሉት። በኤፕሪል 1775 በሌክሲንግተንና በኮንኮርድ ደም ከፈሰሰ በኋላ እንኳን፣ በጁላይ ወር ለንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ የሰላም ልመና ጻፉ። ንጉሡ ወረቀቱን አልቀበልም አለ፤ በኦገስት ወር አመፀኞች ናቸው ብሎ አወጀ። ከዚያ ዓመት አልሞላም፣ በጁላይ 1776 መለያየታቸውን አወጁ። በመግለጫቸው ላይ በደሉን አንድ በአንድ ቆጥረው ሲጨርሱ፣ በትሕትና በለመንን ቁጥር የተመለሰልን ሌላ በደል ነው ብለው ጻፉ። ሊሰማቸው የወደደ ቢኖር ኖሮ አብዛኞቹ ሳይወጡ ይቀሩ ነበር።

ወገኖቼ፣ እነዚህ ሰዎች ቅዱሳን ነበሩ እያልኩ አይደለም። ከሕዝባቸው አምስት አንዱ ባሪያ ነበር። በማሳቹሴትስ በባርነት የነበሩ ጥቁሮች በ1773 እና በ1774 እናንተ ለራሳችሁ የምትጠይቁትን ነጻነት እኛም እንጠይቃለን ብለው ለምክር ቤቱ አቤቱታ አስገቡ፤ ነጻነቱን አላገኙም። በማርች 1776 አቢጌል አዳምስ ፊላደልፊያ ላለው ባሏ ለጆን አዳምስ ጻፈች፤ አዲሱን ሕግ ስታወጡ ሴቶችን አትርሱ፣ ድምፅ ባልሰጠንበት ሕግ አንታሰርም አለችው። ያ ለነጻነት ሲከራከር ጉባኤ የሚያንቀጠቅጥ ሰው ምን መለሰላት? ነገሩ እንዳሳቀው ጻፈላት። እሷም የጠየቀችው እሱ ራሱ ለንጉሡ የሚለውን ነበር። የአሜሪካ ሴቶች በሕገ መንግሥት ደረጃ የመምረጥ መብት እስኪረጋገጥላቸው 1920 ደረሰ።

በአዳራሻችን ያን ሳቅ ስሰማ የታየኝ ይህ ነው። እኛ ግን ከሳቂዎቹ ወገን ለመሆን ምን ሰበብ አለን? ሳይጠየቅ ሲገዛ፣ ሳይጠየቅ ሲዋጣበት የኖረ ሕዝብ ልጆች ነን። «ዝም አይነቅዝም» እየተባልን አድገናል፤ ያን ዝምታ ሻንጣችን ውስጥ ከትተን ውቅያኖስ አሻግረነዋል። በቤተ ክርስቲያን ሰበካውም፣ በስፖርት ማኅበሩም፣ በየጽዋው የምናየው ይኸው ነው። በዋሽንግተን ከተማ የምትኖሩት ደግሞ በየቀኑ የምትነዱት መኪና ሰሌዳ ላይ ያለ ውክልና ግብር መክፈል ይብቃ የሚል ጽሑፍ አለ። ከተማዋ በኮንግረስ ድምፅ የሚሰጥ ተመራጭ ስለሌላት ነው። ያን ሰሌዳ ለጥፋችሁ መጥታችሁ፣ መኪናችሁን ከአዳራሹ በር አቁማችሁ ገባችሁ፤ ያንኑ ቃል በአማርኛ የተናገሩትን እናት አዋረዳችሁ።

ተቆጥቼ ነው የጻፍኩት፤ ቁጣዬ ሲበርድ የሚቀረው ኀዘን ነው። ካሁን በኋላ እኒያ እናት በስብሰባ አይናገሩም ብዬ እፈራለሁ። ያዩዋቸው ወጣቶችም አይናገሩም።

ደንባችን ከአባላት አንድ አምስተኛው ከፈረሙ አስቸኳይ ጠቅላላ ጉባኤ ይጠራ ይላል። አቤቱታውን ጽፌዋለሁ። መዋጮ ሲጨመር አስቀድሞ አባላት ድምፅ ይስጡ ይላል፤ ኮሚቴውም እናቲቱን በጉባኤው ፊት ይቅርታ ይጠይቅ ይላል። ሌላ ነገር የለውም። ኮሚቴው ይውረድ አላልኩም፤ ደክመው የሚያገለግሉ ሰዎች መሆናቸውን አውቃለሁ። ብዙ ፈራሚ ይመጣል ብዬም አልጠብቅም። እስካሁን ከደወሉልኝ ውስጥ «ልክ ነህ፤ ግን ስሜን አታንሣ» ያሉኝ ይበዛሉ። ትናንት ግን ያን ቀን ጮክ ብለው ከሳቁት አንዱ ደውሎ ወረቀቱን አምጣልኝ አለኝ። ነገ ከሥራ ስወጣ እወስድለታለሁ። ሌሎቻችሁም የት እንደማገኛችሁ ንገሩኝ፤ የሌሊት ፈረቃ ያላችሁም ብትሆኑ በሚመቻችሁ ሰዓት እመጣለሁ።