ይድረስ ለክቡር ሄሞንከስ፣ የበግ ጨጓራ ደም መጣጭ ትል

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? ክረምቱ እንደተስማማዎ ከበጎቹ ዓይን አይተናል። የታችኛው የዓይን ቆብ ሲገለጥ ቀይ መሆን የነበረበት ሥጋ እንደ ወረቀት ነጥቷል፤ ከአገጫቸው ሥር ያበጠውም የእርስዎ ስጦታ ነው። ደግሞ እንደ ሌሎቹ ትሎች በተቅማጥ አይታሙም። ባለበጉ ተቅማጥ ሲጠብቅ እርስዎ ደሙን ጨርሰዋል።

ብቻዎን በቀን 0.05 ሚሊ ሊትር ገደማ መምጠጥዎ ጨዋነት ነው፤ 5,000 ሆነው ሲታደሙ ግን ሩብ ሊትር ይሆናል። እመቤትዎ በበኩላቸው በቀን ከ5,000 በላይ እንቁላል ይጥላሉ። እርጥበትና ሙቀት ካገኘ፣ ከእንቁላሉ የተፈለፈለው እጭ (ገና ያላደገው ትል) በሳምንት ገደማ ሣር ላይ ወጥቶ የበግ አፍ ይጠብቃል።

ጠቦት መውደድዎ አይገርመንም፤ ሰውነቱ ገና አያውቅዎትም። የሚያውቅዎ ደጋግሞ ሲውጥዎ ነው። ኢዮሲኖፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት እጭዎን ይከባሉ፣ ፀረ እንግዳ አካላት ይመረታሉ፣ የጨጓራው ንፍጥ ይወፍራል። መጀመሪያ እድገትዎ ይቀጭጫል፣ እንቁላልዎ ያንሳል፤ ኋላም አዲሱ እጭ ሳይደላደል ይባረራል። ዓመት የሞላው በግ እንደ ልጅነቱ አያስተናግድዎትም።

ይህ ትምህርት ግን በባዶ ሆድ አይገባም። ጭድ ብቻ ለሚበላ ጠቦት መከላከያ የሚሠራበት ፕሮቲን ከየት ይመጣል? ለዚህ ነው ፋጉሎ (ዘይቱ ተጨምቆ የቀረው የቅባት እህል) የሚያስከፋዎት። እናት በግም ከመውለዷ 2 ሳምንት ገደማ በፊት ጀምሮ ስታጠባም መከላከያዋ ይዳከማል፤ ያላት ፕሮቲን ወደ ፅንሱና ወደ ወተቱ ይሄዳል። እርስዎም ጊዜውን አያሳልፉትም፦ እንቁላልዎን ግልገሎቿ ሊግጡበት በተዘጋጁት መስክ ላይ ይዘሩታል።

የእኛንም ውለታ አይርሱ። የትል መድኃኒቱ አልቤንዳዞል መጠኑ በኪሎ 5 ሚሊ ግራም ነው፤ ለ30 ኪሎ በግ ባለ 300 ሚሊ ግራሙ እንክብል ግማሹ ይበቃል። እኛ ግን ክብደቱን በዓይን ገምተን፣ አንዱን እንክብል ለሦስት ሸንሽነን አዋጥን። ጠንካራው ዘመድዎ ቀምሶት ተረፈ፣ የወለደውም መድኃኒቱን ናቀ።

በደቡብ አፍሪካ የተሠራውን የዓይን ቆብ ቀለም ካርድ (1 ቀይ፣ 5 ነጭ) ዘንድሮ ይዘናል። 4 እና 5 የሆነ በግ፣ ጠቦትና አጥቢ ከሆነ ደግሞ 3ም፣ ተመዝኖ ይዋጣል። ቀይ ዓይን ያለው ጎልማሳ ይተዋል፤ መድኃኒት ያልለመደው ዘርዎ መስኩ ላይ ቢቀላቀል ይሻለናል። (እንደ ኬንያው ቀይ ማሳይ በግ በዘሩ የሚቋቋምዎትን አውራም እየፈለግን ነው።)

ምላሽዎን ከመድኃኒቱ በኋላ በ14ኛው ቀን በዓይነ ምድር ናሙና ይላኩልን። የእንቁላሉ ቁጥር ቢያንስ 95 በመቶ ካልቀነሰ መድኃኒቱን እንቀይራለን።

አክባሪዎ፣
የመንጋው ባለቤቶች