ውዳሴ «ገባችሁ?»

የላቀ የማሰብ ክህሎትን በመማሪያ ክፍል ለማስረጽ ብዙዎች ይደክማሉ፤ እኔ ግን «ገባችሁ?» ከምትባለው ቃል የሚስተካከል ዘዴ እንደሌለ ደርሼበታለሁ። መምህሩ ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው እንዳዞሩ ይጠይቃሉ፤ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎ!» ይላል፤ መተንተኑም መመዘኑም በዚያችው ቅጽበት ያልቅና ጠመኔው ወደሚቀጥለው ርዕስ ያልፋል።

አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሜሪ ባድ ሮው እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተሙት ጥናት፣ መምህራን ከጠየቁ በኋላ መልስ የሚጠብቁት በአማካይ 1 ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሆነ፣ ቆይታው ወደ 3 ሰከንድ ከፍ ሲል ግን የተማሪዎች መልስ እንደሚረዝምና በምክንያት እንደሚደገፍ ጽፈዋል። ሁለት ተጨማሪ ሰከንድ በዝምታ! ታዲያ ኖቱን ማን ያስገለብጥ?

የዕቅዱ ጥበብ ደግሞ ከዚህም ይልቃል። አሜሪካዊው የትምህርት ሥነ ልቦና ምሁር ቤንጃሚን ብሉምና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1956 ያወጡትና በ2001 የተከለሰው ባለ ስድስት እርከን የማሰብ ክህሎት መሰላል፣ ከታች ማስታወስን፣ ከላይ መፍጠርን ይዟል፤ የእኛ መምህራን ግን አንድም እርከን ሳይረግጡ ጫፉ ላይ ይገኛሉ። በዕለታዊ ዕቅዳቸው «ይዘረዝራሉ» የሚለውን ሰርዘው «ይተነትናሉ» ብለው ይጽፋሉ፤ እኛ ሱፐርቫይዘሮችም ግሡን ዐይተን እንፈርማለን። ፈተናውም «አምስቱን ምክንያቶች ተንትኑ» ይላል፤ አምስቱ ደብተር ላይ ያሉት አምስቱ ናቸው፤ ከራሱ አስቦ ስድስተኛ የጨመረ ተማሪ፣ «ከኖቱ ውጭ» የምትል ቀይ ጽሑፍ ትጠብቀዋለች። (እርማቱ እንዲህ ሲሆን ፈጣን ነው፤ ይህን የሚያናንቅ ሰው የፈተና ወረቀት ክምር ተሸክሞ ወደ ቤቱ ገብቶ አያውቅም።)

በቅርቡ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ተከታተልሁ። የጎነ ሦስት ስፋት፣ መሠረት ሲባዛ በከፍታ ሲካፈል ለሁለት መሆኑ ተጻፈ። አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ለምንድን ነው ለሁለት የሚካፈለው?»

«ቀመሩ ስለሆነ ነዋ! ለፈተና አይመጣም፤ ተቀመጪ።»

ልጅቷ ተቀመጠች። ጠረጴዛዋ ላይ ከደብተሯ የገነጠለችው ወረቀት ነበረ፤ አራት ማዕዘኑን ከጥግ እስከ ጥግ ቀድዳ፣ አንዱን ጎነ ሦስት አዙራ በሌላው ላይ ስትደርበው ልክ ለልክ ገጠመላት። መምህሩ ይህን ሲያዩ ወረቀት በማባከኗ ገሠጿት፤ ቁርጥራጩንም ወረሱ።

«ገባችሁ?»

«አዎ!»

እኔም ቅጼን አውጥቼ፣ «ተማሪዎች በንቃት ይሳተፋሉ» ከሚለው ፊት ለፊት «እጅግ በጣም ጥሩ» ላይ ምልክት አደረግሁ።