«ጉዞ ቀንሱ» ማለትም አመራር ሆነ?

የማሊው መሪ ጄኔራል አሲሚ ጎይታ በ2025 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ሕዝባቸውን መከሩ። ታጣቂዎች ቦቴ መንገድ ላይ ስለሚያቃጥሉ ነዳጁ ሰው እየሞተለት ነው የሚገባው፣ ስለዚህ አላስፈላጊ ጉዞ ቀንሱ አሉ። ይህን ያሉት በደቡብ ማሊ ቡጉኒ ላይ፣ የሊቲየም ማዕድን ማውጫ ለመመረቅ ሄደው ነው። የሳቸው ጉዞ መቼም አስፈላጊ ነው።

አላስፈላጊው የቱ ይሆን? ባዶ ሞተር ሳይክሉን እየገፋ ከማደያ ማደያ የሚዞረው የዋና ከተማዋ የባማኮ ወጣት? ተማሪውስ? በጥቅምት በነዳጅ እጦት ትምህርት ቤትና ዩኒቨርሲቲ ለሁለት ሳምንት ዘግተውበት ነበር።

ደጋፊዎቻቸው አንድ መልስ አላቸው፦ «ባማኮ አልተያዘችም፣ አትያዝምም»። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩም ይህንኑ ደግመውታል። ኧረ ማን ይያዛት አለ? ያቺን የምታህል ከተማ ይዘው መብራትና ውሃ ሊያቀርቡላት? ታጣቂዎቹ ሞኞች አይደሉም።

መንገዱ ይበቃቸዋል። ማሊ ወደብ የላትም። ነዳጇ ከዳካርና ከአቢጃን በቦቴ ነው የሚመጣው፣ በካዬስ ወይም በሲካሶ በኩል። ከአልቃይዳ ጋር የተሳሰረው ጄኤንአይኤም ከመስከረም 2025 ጀምሮ እነዚህን መንገዶች ይዞ ቦቴ ያቃጥል ጀመር። ለዚህ ታንክ አያስፈልግም። ጥቂት ሞተር ሳይክልና ክላሽ ይበቃል። አንድ ቦቴ ሲነድ አሥሩ ሹፌር ቁልፉን ይመልሳል። በወታደር ታጅቦ የሚገባው ደግሞ ከተማውን አያጠግብም። ታጣቂዎቹ በሕዝብ ትራንስፖርት የምትሄድ ሴት ትከናነብ ብለውም አዘዋል። ማን እንደሚያልፍ፣ ምን ለብሶ እንደሚያልፍ የሚወስን ኃይል ምኑ ነው ገዢ ያልሆነው? ቤተ መንግሥት ስላልገባ?

ነገሩን የቆሰቆሰውም ራሱ መንግሥት ነው። ታጣቂ እንዳያገኝ ብሎ በገጠር ነዳጅ በጀሪካን መሸጥን ከለከለ። የገበሬው የውሃ መሳቢያ ሞተር በምን ይሥራ ብሎ ያሰበ የለም። ታጣቂዎቹም «እንግዲያው ከተማውም ይቅመሰው» አሉ።

የፈረንሳይ ወታደሮች ከዘጠኝ ዓመት በላይ ቆይተው ችግሩን አልፈቱም፤ እሱ ልክ ነው። ግን በ2022 ወጥተዋል። የተባበሩት መንግሥታት ጦርም በ2023 ወጥቷል። የሩሲያው ቅጥር ጦር ዋግነር ገብቶ ወጣ፣ ሌላው የሩሲያ ጦር አፍሪካ ኮር ተተካ። አሁን ማን ላይ ሊላከክ ነው?

ጎይታና ጓዶቻቸው በ2020 መፈንቅለ መንግሥት ሲያደርጉ ሰበባቸው ጸጥታ ነበር። ጸጥታው አልመጣም፤ ጸጥ ያሰኙት ፖለቲከኛውን ነው። በ2025 ግንቦት ፓርቲዎችን አፈረሱ። በሐምሌ ያለ ምርጫ የአምስት ዓመት ሥልጣን ለራሳቸው ሰጡ፤ ሲያልቅም የሚታደስ። በነሐሴ የራሳቸውን ጄኔራሎች አሰሩ። ይህን ፊልም እኛ አይተነዋል። ደርግ በእኛ አቆጣጠር በግንቦት 1982 ጄኔራሎቹን ረሸነ፣ በዓመቱ መንግሥቱ ኃይለማርያም አውሮፕላን ተሳፈሩ።

መነጋገር ይሻላል ስል «ከአሸባሪ ጋር ምን ድርድር አለ?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። በ2024 ይሄው የማሊ መንግሥት የጠራው አገራዊ ምክክር ከማሊያውያን ታጣቂዎች ጋር ተነጋገሩ ብሏቸው ነበር። መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። የገጠር ሽማግሌዎች ግን ባማኮን አልጠበቁም፤ የከበባቸውን ታጣቂ ራሳቸው እያነጋገሩ መንገዳቸውን ያስከፈቱ አሉ።